ስለ ፊልትሮ ካልሲና ስለ በሰቃ ውሃ

ናዝሬት፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ሙሉብርሃን ዘገዬ
የሸለቆው ጭነት ማመላለሻ ድርጅት የንብረት ጥበቃና የአሻጥር ተከታታይ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽሁ፣ ባለፈው ሳምንት በስብሰባ መካከል ሲያስልዎት የነበረው ጉንፋን ፈጽሞ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የናዝሬት አቧራ በዚህ ወር ለሰው ደረት አይበጅም፤ ትኩስ ነገር ቢያዘወትሩና ንግግር ቢቀንሱ መልካም ነው።

እኔ ገብረኪዳን ኃይለየሱስ እባላለሁ። በድርጅቱ ጋራዥ በናፍጣ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁ መካኒክ ስሆን፣ እርስዎ ግን በመልክ እንጂ በስም ላያውቁኝ ይችላሉ፤ በስብሰባ ጊዜ በሦስተኛው ረድፍ በስተግራ የምቀመጠው፣ ሲጨበጨብ የማጨበጭበው ሰውዬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ያልላክሁበት ምክንያት፣ ደብዳቤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሲገባ እንጂ ከዚያ ሲወጣ ያየ ሰው ባለመኖሩ ነው። እርስዎ ራስዎ በነሐሴ ወር ባስተላለፉት መመሪያ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ስሙንና ፊርማውን እስካኖረ ድረስ ሂሱንና ግለ ሂሱን በመመገቢያ አዳራሹ በር በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ እንደሚችል ስለ ፈቀዱልን፣ በዚሁ መብት ተጠቅሜያለሁ። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ሽሮው ቀጥኗል ከሚል አንድ ወረቀት በቀር ምንም አልተለጠፈበትም፤ እሱም ፊርማ ስላልነበረው በዚያው ቀን ተነሥቷል። ስለዚህ ቦታ አላጣሁም።

ጉዳዬ የሹፌር ሱሌማን ጫላ ጉዳይ ነው። ሱሌማን ከጥቅምት 3 ቀን ጀምሮ በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥሮ በከተማው እስር ቤት ይገኛል፤ ነገ አርባ ቀን ይሞላዋል። መዝገቡ የፊታችን ሰኞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልዩ ፍርድ ቤት እንደሚላክ ሰምተናል። ወደዚያ የሄደ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ፣ ከተመለሰም፣ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ የሚከተሉትን ነጥቦች በታላቅ ትሕትና አቀርብልዎታለሁ።

አንደኛ፦ በቅድሚያ ስለ እጥበቱ ማመስገን ይገባኛል። ለዘጠነኛው የአብዮት በዓል የድርጅቱ አሥራ አራት የጭነት መኪኖች አምረውና ጸድተው በከተማው አደባባይ እንዲያልፉ በተወሰነ ጊዜ፣ ሕዝቡ ባልዲ ይዞ ቦኖ ላይ ተሰልፎ በሚውልበት ከተማ ንጹሕ ውሃ በመኪና ላይ ማፍሰስ ከሕዝባዊነት ጋር እንደማይሄድ አስረድተው፣ መኪኖቹ በሙሉ መተሐራ ድረስ ወርደው በበሰቃ ሐይቅ እንዲታጠቡ አዘዙ። አሳቡ ለሰው የተቆረቆረ ነበር። በሰቃን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ያ ውሃ የጨው ውሃ መሆኑን፣ እጅ የታጠበበት ሰው እጁ ሲደርቅ ቆዳው ነጭ ሆኖ እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል። ሹፌሮቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ሁለት ቀን ሙሉ መኪኖቹን ከላይም ከሥርም በባልዲ ሲያጥቡ ሰነበቱ። መኪኖቹ ሲደርቁ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መሰሉ። እርስዎም አይተው በንጽሕናቸው መደሰትዎን የጎማ ክፍሉ ሐዲስ ነግሮኛል፤ እኔ በወቅቱ ከመኪና ሥር ስለ ነበርሁ ፊትዎን ለማየት አልታደልሁም።

ሁለተኛ፦ ስለ ካልሲው። ይህን ክፍል የመኪና ሙያ ለሌለው አንባቢ ስል ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ እርስዎን ለማስተማር አስቤ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ናፍጣ ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት ፊልትሮ በምንለው ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ፊልትሮው ከታች በኩል እንደ ኩባያ ያለ የአልሙኒየም ቤት አለው፤ ቤቱን ጨብጦ የሚይዘው አንድ ረጅም የብረት ቡሎን ነው። በእኛ መኪኖች ይህ ዕቃ የተሰቀለው ከፊት ጎማው በስተኋላ፣ ጎማው የሚረጨው ውሃ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው። የሠራው ፋብሪካ አንድ ቀን ሐይቅ ተነሥቶ አስፋልት ላይ ይወጣል ብሎ ስላላሰበ አይፈረድበትም። በሰቃ ግን በየዓመቱ እየሰፋ መንገዱ ላይ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ ክረምት ወጥቶ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ወደ አዋሽ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያንን ውሃ እየረገጠ ነው የሚያልፈው። ጨዉ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ቡሎኑን ያዝገዋል፣ ቤቱ ይላላል። በላላው በኩል አየር ይገባል፤ ናፍጣው አየር ሲቀላቀልበት ሞተሩ ይጠፋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማንም ተሰብስቦ አልዶለተበትም።

ለዚህ ችግር ከጋራዡ የወጣ አንድ መላ ነበር። ያረጀ የጎማ ካላማዳሪ፣ ማለት የውስጡ ላስቲክ፣ በፊልትሮው ልክ ይቆረጥና ይሰፋል፣ ከታች ወደ ላይ ይለበሳል፣ አፉ በሽቦ ይታሰራል፤ ከመልበሱ በፊት ቤቱና ቡሎኑ ቅባት ይቀባሉ። ግራሶ ከመጋዘን ለማውጣት የአምስት ሰው ፊርማ ስለሚያስፈልግ፣ ሱሌማን አንድ ጊዜ ከሻሸመኔ ሲመለስ ሥጋ ሻጭ አጎቱ የሰጡትን የበግ ሞራ በጣሳ ይዞ መጣ፤ ሞራው ቀልጦ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተደባለቀና ተቀባ። ሠራ። ሁለት ክረምት ሙሉ አንድም መኪናችን በሰቃ ውስጥ አልቆመም። እንከን አልነበረውም ብዬ አልዋሽም፤ ሞተሩ ሲግል መኪናው ጥብስ ጥብስ ይሸታል፣ አርሲ ነገሌ ላይ እህል ሲጫን የገበያው ውሾች ከሥሩ ገብተው አንወጣም ይላሉ፣ በዓቢይ ጾምም ፊልትሮ በነካ እጃችን እንዴት እንበላለን የሚሉ ሹፌሮች ነበሩ። ሹፌሮቹ ዕቃውን ካልሲ ብለው ሰየሙት።

ከእጥበቱ በፊት በነበረው ቀን እርስዎ መኪኖቹን ሲጎበኙ እነዚህን ካልሲዎች ተመለከቱ። ቡትቶ የለበሰ የሕዝብ ንብረት አደባባይ እንደማይወጣ፣ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር በመኪና ላይ መጨመርም ንብረት ማበላሸት መሆኑን ገልጸው በአሥራ አራቱም ላይ እንዲወልቁ በጽሑፍ አዘዙ። ወለቁ። ያወለቅኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሦስቱን ከቆሻሻ ጣልኋቸው፤ የቀረችውን ሱሌማን ከእጄ ተቀብሎ ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ሥር ከተታት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የለመደውን ዕቃ መጣል ሰውን ያሳሳዋል ብዬ አለፍሁ።

ሦስተኛ፦ ከሰልፉ በኋላ ፊልትሮዎቹ በጨው መበላታቸውን ገልጬ፣ ወይ አዲስ እንዲመጣ ወይ ካልሲው እንዲፈቀድ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም። ለሦስተኛው ግን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቃልዎ መልስ ስለ ሰጡበት ባለ ውለታዎ ነኝ። በወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለዘጠኝ ወር ኮርስ በቆዩበት ጊዜ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው እንደሚበተንና መኪና በዚያ ምክንያት እንደሚዝግ በዓይንዎ አይተዋል፤ በእኛ አገር ግን በረዶ የለም፣ በረዶ ከሌለ ጨው የሚበትን የለም፣ የሚበትን ከሌለም በመንገድ ጨው የዛገ መኪና ሊኖር አይችልም አሉን። አነጋገሩ የተስተካከለ ስለ ነበር አጨበጨብን። ጓድ ሊቀመንበር፣ በእኛ አገር ጨዉን ሐይቁ ራሱ ያመጣዋል፣ ደመወዝም አይጠይቅም ብሎ የተነሣ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ለመነሣት ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ነበር፤ ከዚያ መልሼ አስጠጋሁት።

አራተኛ፦ ጥቅምት 3 ቀን ሱሌማን ከአርሲ ነገሌ የተጫነ ስንዴ ለመተሐራ የሸንኮራ ሠራተኞች መጋዘን ይዞ ሲሄድ፣ መኪናው የበሰቃ ውሃ መሐል ላይ ጠፋ። እንደኔ ግምት ቡሎኑ በጨው ተበልቶ ተበጥሷል፤ ግምቴን ለማረጋገጥ ፊልትሮውን ልይ ብል የማስረጃ ዕቃ ነው ተብዬ ተከልክያለሁ። ሱሌማን ውሃ ውስጥ ወርዶ ሦስት ሰዓት ያህል ታገለ፣ አየሩን ቢያስወጣ ተመልሶ ይገባል። ይህ ብቻ ቢሆን እንደ ወትሮው ሌላ መኪና ጎትቶ ያወጣው ነበር። በዚያ ቀን ግን ከማዶ፣ ከአዋሽ በኩል፣ እርስዎ የምሳ ግብዣ ያዘጋጁላቸው የአዲስ አበባ እንግዶች ጉብኝታቸውን ጨርሰው እየተመለሱ ነበርና ዝቅ ያሉት መኪኖቻቸው የቆመውን መኪና አልፈው መውጣት አልቻሉም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆዩ። የናዝሬቱ ምሳ በረደ። ጥፋቱ ከባድ መሆኑን አልክድም።

እርስዎ ከዘቦች ጋር ደርሰው ጋቢናው ሲፈተሽ ካልሲዋ ከወንበሩ ሥር ተገኘች። ጥቅምት 8 ቀን በተጠራው ስብሰባ ላይ ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ፣ ከውሃ ብርጭቆዎ አጠገብ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጥቁር የአሻጥር መሣሪያ ተብላ ቀረበች። አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሁለት መቶ ሰው ምንነቷን የማያውቁት ራስዎ ያስወለቁትን ቡትቶ የዘነጉት እርስዎና ዘቦቹ ብቻ ነበራችሁ። አንድ ነገር ግን በአክብሮት ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ የተገኘችው ከወንበር ሥር ነው እንጂ ከፊልትሮው ላይ አይደለም። ሱሌማን ትእዛዝዎን አክብሯል። ትእዛዝዎን ባያከብርና ቢያለብሳት ኖሮ መኪናው አይቆምም፣ እንግዶቹ አይዘገዩም፣ እሱም ዛሬ ቤቱ ነበር። በአሻጥር የተከሰሰው በታዛዥነቱ ነው፤ ይህን ያህል ታዛዥ ሌላ ሹፌር በድርጅቱ የለም፣ ከእንግዲህም የሚኖር አይመስለኝም።

ጎማዋን አንሥተው ማን እንደሰጠው ጠየቁት። ሱሌማን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አልተመለከተም። እርስዎን አየና፣ “መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት” አለ። ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ ይህንኑ አለ። ከዚያ በአሻጥረኝነቱ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ ተባለ፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ጓድነቱም በዚያው ተነሣበት። በሙሉ ድምፅ ሲባል የእኔም እጅ አለበት። ቀኝ እጄ ነው ያወጣሁት፤ ጥፍሮቼ ሥር አሁንም የሞራና የተቃጠለ ዘይት ቅሪት ነበር።

በዚያ ሰዓት ምን ተሰማህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ምንም አልተሰማኝም እላለሁ፤ እውነቴን ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ያፍራል፣ ያለቅሳል፣ ይታመማል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ወደ ጋራዥ ተመልሼ አንድ ፖምፓ ፈታሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አይጣፍጠኝም፣ አይመረኝምም። ባለቤቴ አበበች ትናገረኛለች፣ እሰማታለሁ፣ ምን እንዳለች ግን አላስታውስም። እንቅልፌ ደህና ነው። በእርስዎም ላይ ቂም የለኝም፤ ቂም ለመያዝ የሚያስፈልገው ነገር ከውስጤ የት እንደገባ አላውቅም።

የሱሌማን ባለቤት ሻሼ የምሳ ዕቃዋን ይዛ በየቀኑ በስድስት ሰዓት በጋራዡ በር በኩል ወደ እስር ቤት ታልፋለች። ስታልፍ “አካም ኦልታን፣ ጋሼ ገብረኪዳን” ትለኛለች፤ እኔም ደህና እላታለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ቀን እንዲህ ኖረናል። ትናንት ግን ቆመች። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠችና ወደ እጆቼ እያየች፣ “ሱሌማን ያቺን ጎማ ያገኘበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ፣ ጋሼ?” ብላ ጠየቀችኝ። አልተቆጣችም። ምሳ ዕቃዋን አንሥታ ሄደች። ምሳው እንዳይበርድ ነበር መሰለኝ፣ ፈጠን ብላ ነው የሄደችው። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛ፦ መመሪያዎ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም ስለሚጠይቅ፣ የእኔን በአጭሩ አቀርባለሁ። ያቺን ጎማ የቆረጥኋት እኔ ነኝ፤ የሰፋኋት እኔ ነኝ፤ በአሥራ አራቱ መኪኖች ላይ ካልሲ ያለበስሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልረዳኝም። ስፌቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግራኝ ስለሆንሁ ክሩን የማስረው በተቃራኒ ነው፣ ዕቃዋም በእጅዎ ስላለች ማስተያየት ይችላሉ። ጨዉ ከሐይቁ እንደሚመጣ እያወቅሁ በስብሰባ ዝም አልሁ፤ ሱሌማን ጥፋት እንደሌለበት እያወቅሁ እጄን አወጣሁ። ካልሲ ማልበስ አሻጥር ከሆነ አሻጥረኛው ውጭ ሆኖ ሌላ ሰው ታስሯል ማለት ነው፤ አሻጥር ካልሆነ ደግሞ ማንም መታሰር አልነበረበትም። ከሁለቱ በየትኛውም ቢሄዱ ሱሌማን ሰኞ አዲስ አበባ የሚሄድበት ምክንያት የለም። እኔ አድራሻዬ አይጠፋዎትም፤ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጋራዥ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ነኝ፣ ብርድ ልብሴንም አበበች አጥባልኛለች።

ጊዜዎን በዚህ ያህል ረጅም ጽሑፍ ስለ ወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለንብረት ጥበቃ ያለዎት ተቆርቋሪነት፣ ለንጽሕና ያለዎት ፍቅርና ከሩቅ አገር ይዘውልን የመጡት ዕውቀት ሁልጊዜ ከፊታችን እንዳይጠፋ፣ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እስከ ሰኞ ምላሽዎን በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ።

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ገብረኪዳን ኃይለየሱስ
የናፍጣ ክፍል መካኒክ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
— ለመመገቢያ አዳራሹ ሰሌዳ
— ለወይዘሮ ሻሼ፣ በቤታቸው
— ለበሰቃ ሐይቅ፣ እንዲያውቀው ያህል

ማስታወሻ፦ ሳልጽፈው የቀረ አንድ ጉዳይ ነበር። መስከረም 20 ቀን የእርስዎ ላንድሮቨር በሰቃ ውስጥ ጠፍቶብዎት ተጎትቶ ጋራዥ በገባ ጊዜ፣ ፊልትሮውን አጽድቼ፣ ሞራ ቀብቼ፣ ካልሲ አልብሼዋለሁ። ለማንም አልነገርሁም። ጥቅምት 3 ቀን ሱሌማንን ለመያዝና ማዶ የቆሙትን እንግዶች ይቅርታ ለመጠየቅ የቆመውን መኪና ዞረው ያንኑ ውሃ ሁለት ጊዜ የተሻገሩት በዚያ ላንድሮቨር ነው፤ አልጠፋብዎትም። ሐሙስ ለጉብኝት እንደገና ወደ መተሐራ እንደሚወርዱ በማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ውሃው አሁንም መንገዱ ላይ ነው። ካልሲው የአሻጥር መሣሪያ ከሆነ እንዳወልቀው ትእዛዙን በጽሑፍና በፊርማዎ ይላኩልኝ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።